መንገዱ የሚያልቅበት ቤት

መኪና የሚገባበት መንገድ የሚያልቀው አናጢው ደጃፍ ላይ ነው። ከእሱ ቤት ወዲያ ወንዝ ነው። ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠራ ነው የተባለው አናጢው ገና ጎረምሳ ሳለ ነበር፤ ዛሬ የሰውየው ጢም ሸብቶ ድልድዩ አሁንም ወሬ ነው። ከወንዙ ማዶ ሰባ አባወራ ይኖራል። ከወንዙ ወዲህ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ፣ አናጢው ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር አለ። እንግዲህ "የገጠር ልጆችንና ቤተሰቦችን እንርዳ" ብሎ ከከተማ የተነሳ መኪና ሁሉ የት ሄዶ እንደሚቆም ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

አናጢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ከወዲሁ ይታወቅለት። ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ የከለላት መሥሪያ አለችው፤ እዚያ ውስጥ የበርና የመስኮት፣ የአልጋና የተማሪ ዴስክ እንጨት ሲልግ ይውላል። እርሳስ ከጆሮው ላይ አይለይም። ቁጥር ላይ የሚስተካከለው የለም፤ በዓይኑ ብቻ አይቶ "ይሄ በር ሁለት ሳንቲ ይጎድለዋል" ካለ ይጎድለዋል፣ ሜትር ማውጣት ትርፉ ድካም ነው። ፊደል ግን አልቆጠረም። ልጅ ሳለ አባቱ "መጋዝ የያዘ እጅ አይራብም" ብለው ከትምህርት ቤት አስቀሩት። ካደገ በኋላ ደግሞ ከልጆች ጋር ተቀምጦ መማር አሳፈረው፤ ሲያፍር ሲያፍር አርባ ስምንት ዓመት ሞላው።

ይሄን ነገር በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ሚስቱ ናት። ሁለተኛዋ ታላቋ ልጁ ናት፤ እሷም የነቃችበት ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ያን ቀን አባቷ ደብተሯን ገልጦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አላት። ገጹ ላይ አስተማሪዋ በቀይ የጻፈው "ይህች ተማሪ የቤት ሥራ አልሠራችም፤ ወላጅ ይምጣ" የሚል ነበር። ልጅቷ ደብተሯን ተቀብላ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤት የገባ ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት ካርቶንም ይሁን፣ ለራሷ የምታነብ መስላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የመጨረሻ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ትልቁን ፈተና ልትፈተን ነው። ሒሳብ ላይ የአባቷን ጭንቅላት ወስዳለች፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ መሥሪያው ውስጥ በሠራላት ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች።

የመኪናው ነገር የተጀመረው በጤና ጣቢያዋ ነርስ ነው። ነርሷ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሕፃናት ልትመዝን ሚዛኗን ተሸክማ መጣች። ወንዙን አየች፤ ጫማዋን አየች፤ ከዚያ አናጢውን አየች። "ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ልጆች የሉም?" አለችው። ነበሩ፤ መንታ ወንዶች፣ የሚናከሱና የሚዋደዱ። ተመዘኑ። በወሩ ሌላ መሥሪያ ቤት ሌላ ሚዛን ይዞ መጣ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ክንድ የሚለኩ መጡ። ሁሉም ወንዙን ያያሉ፣ ጫማቸውን ያያሉ፣ መንትዮቹን ይመዝናሉ። ልጆቹ ከመልመዳቸው የተነሳ የመኪና ድምፅ ገና ከኮረብታው ላይ ሲሰሙ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ደጃፍ ላይ ይሰለፋሉ። አንድ ቀን ሲሚንቶ የጫነ ሾፌር መንገድ ጠፍቶት ሊጠይቅ ቢቆም፣ እርቃናቸውን የቆሙ ሁለት ልጆች "እኔ አሥራ ዘጠኝ ተኩል ነኝ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ነው" አሉት። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ዞሮ ሄደ።

ከነርሷ በኋላ የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛው መጣ፤ ወጣት ሲፈልግ ታላቋን አገኘ። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወላጆችን ሊመክር መጣ። በመጨረሻ የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዋ መጣች፤ አንድ ቤት በአራት ሰው ተከፋፍሎ ሲመላለሱበት አየችና አዘነች። ሴትዮዋ ቅን ናት፤ ችግሯ ቅንነቷ ዕቅድ ያለው መሆኑ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብላ አራቱን መሥሪያ ቤቶች አቀናጀችና የልጆች፣ የወጣቶችና የቤተሰብ ድጋፍ ጥምር ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋም እሷው ሆነች። ከዚያ ወዲህ አራቱ በጥምር ይመጣሉ፤ በጥምር የተባለው መፈጸሙን ለማየት ደግሞ አራቱም በየተራ ይመለሳሉ። ድሮ በወር አራት ጉብኝት የነበረው በወር አምስት ሆነ ማለት ነው፤ አናጢው ቁጥር ስለሚያውቅ ይሄን ወዲያው አስልቶታል።

ጥምር ኮሚቴው ሲመጣ አንድ ፎርም ይዞ መጣ፣ በፊትም በጀርባም የታተመ፣ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለው። ሰብሳቢዋ በዚህ ነገር ፍንክች አትልም፤ ፎርሙን ወላጅ በገዛ እጁ ካልሞላው የራሴ ነው አይለውም ባይ ናት። የመጀመሪያውን ፎርም ስትዘረጋለት አናጢው ላብ በላብ ሆነ። ዓይኑ አጠገቡ ያለው፣ እንጨት የሚያጣብቅበት የኮላ ጣሳ ላይ አረፈ። እንደ ድንገት ሁለቱንም እጆቹን ጨመረበት። "ምነው ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ፣ እጄ እኮ ኮላ ነው፤ ልጄ ትጻፍልኝ" አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ? ልጅቷ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጥያቄውን አነበበችለት፣ መለሰላት፣ ጻፈች። ፎርሙም አማረ። የእሷ የእጅ ጽሑፍ እንደ ማተሚያ ነው።

እንዲህ ሆኖ ተለመደ። ሊመጡ ሲሉ በዋዜማው ይደውላሉ፤ አናጢው ስልኩን ይዘጋና "ልጄ፣ ነገ እንግዶች አሉብን፣ ቅሪ" ይላታል። ትቀራለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሰውየው እጅ ኮላ ውስጥ ነው። ርዕሰ መምህሩ ራሱ የኮሚቴው አባል ነው፤ ልጅቷን ቤት ሲያገኛት "እንዲህ ነው፣ ቤተሰቧን የምታግዝ ልጅ!" ብሎ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ቢሮው ተመልሶ የቀሪ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ይፈርማል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አላሰባቸውም። ሰው እንዲህ ነው፣ አንዱን ባርኔጣ ሲያደርግ ሌላው ይረሳዋል።

አናጢውን ደግሞ ነገሩ ደስ አለው። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ "አንተ አናጢ፣ በሬ ደረሰ?" ሲባል የኖረ ሰው አሁን "ሞዴል ቤተሰብ" ተባለ፤ አገሬው አሳጥሮ "ሞዴሉ" አለው። መኪና ደጃፉ ላይ ሲቆም ደረቱ በሁለት ሳንቲ ይጨምራል። እሱን ለማየት ብለው ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ፤ አልጋውን ያያሉ፣ የተሰጣቸውን የውሃ ማጣሪያ ያያሉ፣ መንትዮቹን ያያሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይወጣሉ። ሚስቱ አንድ ቀን እንግዳ ሸኝታ ስትመለስ "አንተ ሰው፣ ይሄ ቤት ሰው የሚኖርበት ነው ወይስ ሙዚየም? ትኬት እንቁረጥ?" አለችው። እሱ ሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከሁሉ የባሰው የምስክር ወረቀቱ ነው። ኮሚቴው ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው ብሎ አንድ መጽሐፍ ሰጥቶ ነበር፣ ስለ እጅ መታጠብ። አናጢው ሥዕሉን እያየ ለመንትዮቹ ይተርክላቸዋል። በእሱ አተራረክ እጁን የሚታጠበው ልጅ ሌባ ነው፤ ባልዲው ውስጥ የንጉሡ ቀለበት አለ፤ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለችው እናት ዳኛ ናት። በሌላ ቀን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጅብ ይገባል። ልጆቹ እስትንፋሳቸውን ውጠው ይሰማሉ። ነርሷ በመስኮት ሰምታ እንባዋ መጣና ለኮሚቴው ተናገረች። "አንባቢ አባት" ተብሎ ባለ መስታወት ፍሬም የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ፍሬሙን አይቶ ማዕዘኑ ጠማማ ነው ብሎ ፈትቶ እንደ አዲስ ሠራውና ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ከወንዙ ማዶ ታናሽ እህቱ አለች፣ አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ። ወዲህ የምትሻገረው ለገበያ ሲሆን፣ ስታልፍ ጎራ ትላለች። አንድ ቀን መንትዮቹ ክንዳቸውን ሰቅለው ቆመው አገኘቻቸው። "ወንድም ጋሼ፣ ለገጠር ልጆች የሚመጣው ሁሉ እዚህ ደጃፍ ላይ ነው እንዴ የሚያልቀው? የእኛማ ላም አለኝ በሰማይ ነው" ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። እነግራቸዋለሁ አላት፣ አልነገራቸውም። ቢነግራቸው መኪናው ከእንግዲህ ደጃፉ ላይ መቆሙን እርግጠኛ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ልጅቷ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ማኅተም ያለበት፣ ለወላጅ የተጻፈ። አናጢው "ምን ይላል?" አላት ልክ ወረቀቱ አቧራ ገብቶበት የማይነበብ ይመስል። ልጅቷ ወረቀቱን ገለጠች። ከዚያ "የወላጆች ስብሰባ አለ፣ ቀኑ ወደፊት ይገለጻል ይላል" አለችው። አናጢው በዓይኑ ለካው፤ ጽሑፉ ከአንድ ስንዝር በላይ ነበር፣ ንባቡ ግን አንድ ትንፋሽ አልሞላም። ይጎድለዋል። ይጎድለዋል ብሎ አሰበና አልጠየቀም፤ ደብዳቤውን ኪሱ ከተተው።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የሰጠ የለም። ከዚያ ሰብሳቢዋ ደወለች። ነገ ጠዋት ኮሚቴው በሙሉ ይመጣል፣ ልጅቷም ትገኝ። አናጢው እንደ ልማዱ ቅሪ አላት፣ እንደ ልማዷ ቀረች።

ጠዋት አራቱ በክብ ተቀመጡ፣ አናጢው እጁን ኮላ ውስጥ ነክሮ መጣ፣ ሚስቱ ሻይ ቀዳች፣ ልጅቷ በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሰብሳቢዋ ስለ ድርና ስለ አንበሳ ተናግራ ስትጨርስ ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አደረገና አጀንዳውን አነበበ። ከሞዴል ቤተሰብ የወጣች ተማሪ በዓመቱ ውስጥ ሃያ ሦስት ቀን ቀርታለች። ከሃያ ቀን በላይ የቀረ ደግሞ ትልቁን ፈተና አይፈተንም፣ ክፍሉን ይደግማል። ይሄ ሁሉ በደብዳቤ ተገልጿል። "ደብዳቤው ደርሶዎታል አይደል?" ብሎ ጠየቀው።

አናጢው ልጁን አየ። ልጁ እግሯን አየች። ደብዳቤው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ያልጠየቀው ነገር ምን እንደሆነ ገባው። "ደርሶኛል" አለ።

ኮሚቴው ምክንያት ፍለጋ ገባ። የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛው የአቻ ግፊት ነው አለ። ነርሷ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል ብላ የልጅቷን የዓይን ቆብ ገልጣ አየች። ሰብሳቢዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረችና የቤት ውስጥ የሥራ ጫና እንዴት ነው፣ ለምሳሌ ዕቃ የሚያጥበው ማነው አለቻት። ሚስትየዋ "እኔ ነኝ። የእናንተንም ብርጭቆ እኔው ነኝ" አለች። ይሄ ተመዘገበ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ልጅቷን ራሷን ጠየቀቻት፣ ለስለስ ባለ አንደበት፣ አትፍሪ እያለች።

ልጅቷ አባቷን አላየችም። "ትምህርት ሰልችቶኝ ነው" አለች።

እናቷ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጋር ባለችበት ደርቃ ቀረች። ኮሚቴው ግን ቀለል አለው፤ ለመሰልቸት የሚሆን ሳጥን ፎርሙ ላይ ነበር፤ ምልክት ተደረገበት። ሰብሳቢዋ ወዲያው አንድ ስምምነት አወጣች። ልጅቷ ዓመቱን ትደግማለች፣ ኮሚቴው በየወሩ እየመጣ ይደግፋታል፣ ወላጅ አንብቦ ይፈርማል። ወረቀቱን ወደ አናጢው ገፋችው። አናጢው እጆቹን አነሳና አሳያቸው፣ ኮላ። ሰብሳቢዋ ግን ይሄኛውን ሌላ ሰው ሊሞላው አይችልም፣ ችግር የለም እንጠብቅዎታለን አለችው። ነርሷ ተነስታ ውሃና ሳሙና አመጣች፤ አስታጠበችው፤ ጣት በጣት፣ መጽሐፉ ላይ ባለው ቅደም ተከተል። እጁ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም። መሸሸጊያ አልቀረውም።

ወረቀቱን ይዞ ቁጭ አለ። ልጁ እሱን ላለማሳፈር ብላ አንድ ዓመቷን ልትሰጥ መሆኑን አሰበ፤ ያውም ሳትጠየቅ፣ ሳታማርር፣ ትምህርት ሰልችቶኛል ብላ፣ ጎህ ሳይቀድ የምታጠናዋ ልጅ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን እንዲህ ላለው ነገር አትሰነጠቅም፤ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው።

"ማንበብ አልችልም" አለ። "መጻፍም።"

የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛው ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰደደና "ታዲያ ያ የምስክር ወረቀት?" አለ።

"እሱንም ያነበበችልኝ እሷው ናት" አለ አናጢው። ከዚያ ከጀመረ አይቀር ብሎ ቀጠለ። "ልጄ ትምህርት አልሰለቻትም። እናንተ በመጣችሁ ቁጥር ቅሪ የምላት እኔ ነኝ። እሷ ካልጻፈችልኝ ማን ይጽፍልኛል? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መኪናችሁ ደጄ ላይ ሲቆም ደስ ይለኛል። ለካ ደስ ሲለኝ የከረመው በልጄ ዓመት ነው።"

ልጅቷ "አባዬ" አለችና ፊቷን በጉልበቷ ደበቀች። እናቷ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ሄዳ አቀፈቻት።

መጀመሪያ የነቃችው ነርሷ ናት። ማስታወሻዋን አወጣችና ርዕሰ መምህሩን ልጅቷ የቀረችባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ያንብቡልኝ አለችው። አነበበ። የመጀመሪያው ቀን የክብደት ልኬት ነበር፣ እሷ። ሁለተኛው የጥምር ጉብኝት፣ ሁሉም። ሦስተኛው የጥምር ጉብኝቱ ክትትል፣ ሰብሳቢዋ። አራተኛው ከሩቅ የመጡ እንግዶች። እንዲህ እያሉ ሄዱ፤ እያንዳንዱ ቀን ሲጠራ አንዳቸው ቀስ ብለው እጃቸውን ያወጣሉ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳጠፋ ተማሪ። አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ሲደርሱ እጅ ያወጣ ጠፋ። ነርሷ ማስታወሻዋን አገላበጠች፣ ሰብሳቢዋም አገላበጠች። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት እንዳያስቀሩ ልመክር መጥቼ ነበር።"

ሃያ ሦስቱም ባለቤት አገኙ። ሰብሳቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረት ጠፋት። ሚስትየዋ ግን አልጠፋትም፤ "ድሩስ አብሯል፤ ያሰረው ግን አንበሳን ሳይሆን ልጄን ነው" አለች፣ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች።

ርዕሰ መምህሩ ሰው ነው፣ ሰው ሆነ። ሃያ ሦስቱን ቀን በኮሚቴው ጥሪ የቀረች ብሎ እንደሚጽፍ፣ አራቱም እንደሚፈርሙበት፣ የፈተና ክፍሉንም ራሱ ሄዶ እንደሚያስረዳ ተናገረ። ሁሉም ተነፈሱ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ፊቱ ተለወጠ። "ዛሬን ግን ምን ብዬ እጽፋለሁ?" አለ። "ሃያ አራተኛው እኮ ዛሬ ነው። ጥፋቱን ካወቅን በኋላ ያጠፋነው።" ትምህርት ቤቱ ከሩቅ የሚመጡት ልጆች እስኪደርሱ እያለ ስም የሚጠራው ከእረፍት በኋላ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱ አራት ከሩብ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ በእግር አንድ ሰዓት ነው፣ በመኪና አሥር ደቂቃ።

ያኔ የተፈጠረውን ግርግር ማየት ነበር። ሾፌሩ ወንበሩን አስተኝቶ እያንኮራፋ ነበር፤ መስታወቱን ሲደበድቡበት መንገድ ላይ እየነዳ የተኛ መስሎት መሪውን ጨብጦ ጮኸ። ሰብሳቢዋ ለክፍል አስተማሪዋ የማስረዳው እኔ ነኝ ብላ ከፊት ገባች። ነርሷ ልጅቷ ደንግጣለችና ብቻዋን አትሁን ብላ ከኋላ ገባች። የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛው ለሪፖርት ፎቶ ያስፈልጋል አለ። ርዕሰ መምህሩ እኔ የሌለሁበት እንዴት ይሆናል ብሎ አንድ እግሩን አስገባ። ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ውጭ ቆማለች፤ ለእሷ የቀረ መቀመጫ የለም። ሦስት ደቂቃ በዚህ አለፈ።

አናጢው መጣና በሩን ከፈተው። "ውረዱ" አለ። በሕይወቱ ባለሥልጣን ውረድ ብሎ አያውቅም። ወረዱ። ልጁን ከፊት አስቀመጣትና በሩን ዘጋላት። ልጅቷ በመስኮት ብቅ አለችና በለሆሳስ "አባዬ፣ ፎርሙንስ ማን ይሞላልሃል?" አለችው።

"አራት የተማሩ ሰዎች እዚህ ቆመዋል" አለ አናጢው። "አንዳቸው ይጽፉታል። ሂጂ።"

መኪናው ሄደ። አቧራው እስኪሰክን አምስት ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው ቀሩ፣ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። ሾፌሩ ምናልባት ብታስፈልጋት እዚያው ጠብቃት ተብሏል። የዛሬው መርሐ ግብር እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አናጢው ወደ ወንዙ አየ። በጋ ነው፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤ ከአራት ወር ወዲህ እንዲያ ነው፣ ግን የጠየቀ አልነበረም፣ እሱም አልተናገረም። እህቴ ጋ እንሻገር አላቸው። ሰብሳቢዋ ጫማዋን ስታይ ሚስትየዋ ከጓሮ "ጫማ እኮ ይወልቃል" አለች።

ተሻገሩ። ወንዙ መሀል ላይ የርዕሰ መምህሩ ስልክ ጮኸ። ሰውየው በአንድ እጁ ጫማውን፣ በሌላው የሱሪውን ጠርዝ ይዟል፤ ጫማውን ለነርሷ፣ ሱሪውን ለዕድሉ ትቶ አነሳ። ሾፌሩ ነው። ደርሳለች። ስሟ ሲጠራ "አቤት" ብላለች፣ በሩ ላይ ቆሞ በጆሮው ሰምቷል። አናጢው ውሃው ውስጥ እንደቆመ ዓይኑን በእጁ ጠረገ፣ ውሃ ረጨኝ አለ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳትጎድል አቤት አለች፤ ፈተናውንም ተቀመጠች። ለጊዜው ግን አባቷ ያወቀው የዚያን ቀኑን አቤት ብቻ ነው፣ እሱም በቃው።

የእህቱ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ለመንገዱ ያልተፈጠሩት አራቱ ሰዎች ሲወጡት ትንፋሽ አጥሯቸው ማውራት አቆሙ። አናጢው ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ በዝምታ ይመጣሉ። እህቱ ከግቢዋ በር ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ አየቻቸው። ጀሪካኑ ከጀርባዋ ወደቀ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ማን ሞተብኝ?" አለች። "ወንድም ጋሼ፣ ማን ነው የሞተብኝ?"

አናጢው ሮጠ። "ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም" እያለ ያዛት። አላመነችውም። ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ሥራ ቦታ ላይ ሲሞት ሊነግሯት የመጡት እንዲህ ነበር፣ እሱ ከፊት፣ ንጹሕ ልብስ የለበሱት ከኋላ። ከዚያ ወዲህ ባለ ቦርሳ ሰው ያን ዳገት ወጥቶ አያውቅም።

"ሰው ሳይሞትማ እዚህ ማን ይመጣል?" አለች። "ንገሩኝ እንጂ።"

ሰብሳቢዋ የፎርሙን ማኅደር ከፈተች። አርባ ሁለቱን ጥያቄ አየች። መልሳ ዘጋችው። አናጢው እህቱን አየ፤ ለዚህች ሴት የሚመጣው ሁሉ ደጃፉ ላይ ሲያልቅ ደረቱን ነፍቶ የቆመው እሱ ነበር፣ ይሄን ሲያስብ አፈረ፣ ፊደል ባለመቁጠሩ ካፈረው ሁሉ ይልቅ አፈረ።

"እንዴት ናችሁ ልንል ነው የመጣነው" አለ። "ሌላ ምንም የለም። እንዴት ናችሁ ልንል።"

እህቱ አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ፊታቸውን፣ ከዚያ ጭቃ የነካውን ባዶ እግራቸውን። ነርሷ ወደ መሬት ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን አቃናች። እህቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ ቤት ዞራ ተጣራች።

"ልጆች፣ ውጡ። ማንም አልሞተም አሉ።"

ልጆቹ ለመውጣት ትንሽ ጊዜ ፈጀባቸው።